በጀጎል ያደርንበት ባህላዊ ቤትና የአያቴ ተግሣጽ

ጫማችንን ደጃፉ ላይ አውልቀን እንደገባን የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ማንንም ሳይጠይቅ በሁለት እርምጃ ወደ ላይኛው መደብ ወጣና ትራስ ተደግፎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የቤቱ እመቤት፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ሐረሪ እናት፣ አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው ልጁን ለአፍታ አዩትና «የኔ ልጅ፣ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ እንዴ?» አሉት። ልጄ የሚመልሰው ጠፋው። እኔ ግን ዓይኔ ወደ መሬት ወረደ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልሰማሁት የአያቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲል ሰምቼዋለሁና። አያቴ ይህን የምትለው ሰው ቤት ገብተን ከተሰጠን በርጩማ ላይ ሆነን ወንበር ወንበሩን ስናማትር ነበር።

ቤቱ የሚገኘው በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። እንግዳ ከሚያሳድሩት የቆዩ የሐረሪ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለት ልጆቼን ይዤ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሁለት ሌሊት አድሬበታለሁ። የቤቱን ስም የማልጽፈው እመቤቲቱ ስለከለከሉኝ ነው። እጽፋለሁ ብዬ ፈቃድ ስጠይቃቸው «ያየሽውን ተናገሪ፤ ስሜን ግን አታንሺ፤ ሰው ራሱን አያስወድስም» አሉኝ። ለንግድ የማይጠቅም ምክር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ካሉ ሰዎች ጋር በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ አይከራከሩም።

ላላየው ሰው የሐረሪን ቤት አሠራር በጥቂቱ መግለጽ አለብኝ፤ የምናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። የዋናው ክፍል ወለል አንድ ወጥ አይደለም። ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩ፣ ምንጣፍ የተነጠፈባቸው አምስት መደቦች አሉት፤ በሐረሪኛ ነደባ ይባላሉ። እመቤቲቱ እንዳስረዱን፣ አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው መቀመጫ ሲሆን እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ያያል። ግድር ነደባ፣ ትርጉሙም ትልቁ መደብ ማለት ነው፣ እንግዳ የሚሰበሰብበት ነው። ጢት ነደባ ደግሞ ትንሹ ነው፤ በዕድሜም በማዕረግም ዝቅ ያለ ሰው ይቀመጥበታል። ከበሩ ጀርባ ያለው መልእክት ይዞ የመጣ፣ ብዙ የማይቆይ ሰው ዐረፍ የሚልበት ነው። አምስተኛው ከሰው ዓይን ከለል ያለ ነው። በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹት ማስቀመጫዎች፣ ከላይ እስከ ታች የተሰቀሉት የስፌት ሥራዎችና ቀለማቸው የደመቀ ሳህኖች ዓይን ይማርካሉ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶቹንና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮቹን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ቤቶችና የውስጥ አሠራራቸውንም ለይቶ አንሥቷል። ፎቶግራፍ ለማንሳት ብቻ የሚመጣ እንግዳም አይከፋም። እኔ ግን በሁለቱ ቀናት ውስጥ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ቤት ልጅ ያርማል።

አያቴ ከመንዝ ወደ ድሬዳዋ የወረደችው ለምድር ባቡር ሠራተኛ ተድራ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ከተማችን የተሞላችው እንዲህ ከየአገሩ በመጡ ሰዎች ስለሆነ፣ የእሷ ታሪክ የጎረቤታችንም የጎረቤቱ ጎረቤትም ታሪክ ነው። አመጣጧ እንግዳ ባይሆንም የያዘችው ስንቅ ግን ለአገሩ አይስማማም ነበር። ተረትና ምሳሌዋ ሁሉ የደጋ ነው፤ ብርድ፣ ገብስ፣ ፈረስና ደጃዝማች ያለበት። በለገሀር ቆርቆሮ ሥር፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው በየጥላው በሚጋደምበት ከተማ ውስጥ፣ እሷ ስለ ውርጭ እየተረተች አሳደገችን።

ከሁሉም የማልረሳው የምራቋን ነገር ነው። ወደ ሱቅ ልትልከኝ ስትፈልግ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለሺ» ትለኛለች። በመንዝ ጭጋግ ውስጥ ይህ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ ይበቃ ይሆናል፤ በድሬዳዋ የግንቦት ፀሐይ ግን ምራቁ እኔ ፊቴን ሳላዞር ይደርቃል። አንድ ቀን ደፍሬ «እምዬ፣ ደርቋል እኮ» አልኳት። መሬቱን አየች፤ እኔን አየች፤ «እንግዲያው ከምራቁ ቀድመሽ ሩጪ» አለችኝ።

በመንዝ ስለነበረው ቤቷ ስትነግረንም መደብ የሚል ቃል ነበር የምትጠቀመው። በጭቃ የተሠራ፣ አጎዛ የሚነጠፍበት፣ አባቷና እንግዶቹ የሚቀመጡበት ከፍታ ነው። ልጆች ከመደቡ በታች፣ ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። መደብ የሚለውን ቃል እኛ በኋላ ትምህርት ቤት ስንማረው ሌላ ትርጉም ይዞ ስለመጣብን፣ እኔ ለብዙ ዓመታት የአያቴን መደብ በአእምሮዬ መሳል አልቻልኩም ነበር። እንደዚህ ያለውን መቀመጫ በዓይኔ ያየሁት በሐረር ነው፤ ይህም አሠራር የመንዝ ሳይሆን ከመንዝ ብዙ ርቆ ያለ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ቋንቋና ሌላ ሃይማኖት ያቆመው ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው አባባልም እዚያ ገባኝ። ልጁ ታች ተቀምጧል፤ ትልልቆቹ ላይ ሆነው ያወራሉ፤ ከታች ድምፅ የሚያወጣ ልጅ ወሬያቸውን አቋርጦ ወደ እነርሱ መውጣቱ ነው። አባባሉ ለዓይን የሚታይ ቦታ ነበረው። በእኔ ሳሎን ግን ሶፋው ሁሉ አንድ ቁመት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ቦታ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጄን «ተነሥ» ስለው «ለምን? እዚያ ባዶ አለ እኮ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አለ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን እራት ሲቀርብ እመቤቲቱ ማስታጠቢያውንና ፎጣውን ለራሳቸው ሠራተኛ ሳይሆን ለሰባት ዓመቷ ልጄ ሰጧት። ከእኛ ሌላ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት እንግዶች ነበሩ። ልጅቷ ደስ ብሏት ወደ እንግዳው ሮጠችና ውኃውን ገና እጁን ሳይዘረጋ ምንጣፉ ላይ አፈሰሰችው። እኔ ከተቀመጥሁበት ልነሣ ስል እመቤቲቱ በእጃቸው ምልክት ከለከሉኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ትንሽ አስበው «ውኃ ግን አይለቀምም» ብለው ሳቁ። ጨርቅ ሰጧት፤ ጠረገች። ውኃ ጨመሩላት፤ እንደገና ጀመረች። በዚህ ጊዜ ከትልቁ ሰው ጀምራ፣ በግራ እጇ ፎጣውን አንጠልጥላ፣ ቀስ እያለች አስታጠበች። በአያቴ ቤት ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ እኔ ያፈሰስኩ ጊዜ ግን ጨርቅ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ አያቴ በእንግዳ ፊት ዓይኗን አጉረጥርጣ «እንግዳ ይሂድ ብቻ!» ትለኝ ነበር። ያ እንግዳ እንዳይሄድ የጸለይኩት ጸሎት ብዛቱ!

ምግቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ የማወራለት ግን አይደለም። ምስር ወጥ፣ ሩዝ፣ ሰላጣና ለስላሳ እንጀራ ነበር። ልገልጸው የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር፣ ክርስቲያኖች መሆናችንን ስላወቁ ማንም ሳይጠይቃቸው ሥጋ የሌለበት ማዕድ ማዘጋጀታቸውን ነው። ይህ ጨዋነት ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው አዲስ አይደለም። አያቴም ለሙስሊም ጎረቤቶቿ የሚሆን ድስትና ሳህን ለይታ ታስቀምጥ ነበር፤ ከእኛ አንዳችን በስሕተት ያንን ሳህን ያነሣን ጊዜ የሚደርስብን ቁንጥጫ ለየት ያለ ነበር። እመቤቲቱ ለልጄ ጉርሻ ሲሰጡት አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን «በቃኝ» አለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉት። ሁለተኛውን ተቀበለ። ሦስተኛውንም ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ሲጠብቅ አየሁት።

ቁርሱ ላይ ቅሬታ አለኝ። ፈጢራው ትኩስና ማር የተቀባ ነው፤ በቡና ገለባና በወተት የሚፈላው ሆጃም ከዚህ በፊት ከጠጣሁት ሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ቀን ከተነገረን ሰዓት እጅግ ዘግይቶ መጣ። ነገሩን የሚያስቅ ያደረገው በግቢው ውስጥ፣ ከቁርስ ጠረጴዛው በላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ነው። የእመቤቲቱ የልጅ ልጅ፣ ቱሪስት ይወዳል ብሎ ይመስለኛል፣ የአማርኛ ተረትና ምሳሌ በትልልቅ ፊደል አሳትሞ በፕላስቲክ አሽጎ በየግድግዳው ሰቅሏል። ከጠረጴዛው በላይ ያለው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። የአዲስ አበባው እንግዳ ሰዓቱን አይቶ፣ ጽሑፉን አይቶ «የእኛ እንቁላል ገና መንገድ ላይ ነው» አለ።

እነዚህ ጽሑፎች የቤቱ ደካማ ጎን ናቸው ብል ወጣቱን አልበድለውም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን የማዕድ ቤቱ በር ላይ የሰቀለው ስለ ምግብ የተነገረ መስሎት ነው። የእንግዶች ልጆች ደግሞ እያነበቡት አለፉ፤ አንዱም ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀም። አያቴ ግን ይህን አባባል የምትጠቀምበት ጊዜ የታወቀ ነበር፤ እኔና ወንድሜ ሰርግ ቤት ሄደን እንረዳለን ብለን ሥራውን አቋርጠን ለጨዋታ ስንጠፋ፣ እሷ በእኛ ፈንታ ሽንኩርቱን እየከተፈች ነበር የምትለው። ዓይኗ በሽንኩርቱ ያነባል፤ አባባሉም ከዚያ ጋር ይወጣል። ያንን ሽንኩርት ነጥሎ ቃሉን ብቻ ፕላስቲክ ውስጥ ማስገባት አይሆንም።

ደግሞም ሽማግሌዎቻችን አባባሎቻቸውን እንደ ሕግ አንቀጽ አልያዟቸውም ነበር። አያቴ እኛን ዝም ለማሰኘት ስትፈልግ «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ለባሏ ጡረታ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄድ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብላ ትወጣለች። እኔ በልጅነቴ ይህን ሳይ አያቴ የምትዋሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ማድቤቷ ውስጥ ወንፊትም ሰፌድም እንደነበራት ሁሉ፣ ሁለቱንም አባባሎች በየሥራቸው የምታነሣቸው ዕቃዎች አድርጋ ይዛቸው ነበር። የሐረሯ እመቤትም እንዲሁ ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ከአፋቸው የሰማሁት ተረት ከአምስት አይበልጥም፤ እያንዳንዱ ግን አንድ ሰው የሆነ ነገር ሲያደርግ፣ በዚያው ቅጽበት የተነገረ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ወደ ሃያ ይሆናሉ።

ስለ ቅጣት ሳልናገር ካለፍኩ ግን ይህ ጽሑፍ ማር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ሌሊት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እመቤቲቱ ከእኔ ጋር በትንሹ መደብ ላይ ተቀምጠው ሆጃ ጠጣን። እኔ አያቴን እያሞገስኩ ስናገር ቆየሁ። ከዚያ «ትመታሽ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቁንጥጫው የጭን ውስጡን ሥጋ ይዞ የሚጠመዝዝ፣ ለሳምንት የሚጠቁር ነበር። ኩርኩሙ ሳይታሰብ ከኋላ የሚመጣ ነው። መንበርከክ ነበረ፤ በጠጠር ላይ። አንድ ጊዜ ደግሞ ወንድሜን፣ የሱቁን መልስ ገንዘብ ደብቀሃል ተብሎ፣ በርበሬ አጠኑት። ነጠላ ተከናንቦ፣ ከሥሩ በፍሕም ላይ የተነሰነሰ በርበሬ እየጨሰ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ በማግሥቱ በአያቴ መቀነት እጥፋት ውስጥ ተገኘ። አያቴ ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ ያን ዕለት ግን የጋገረችውን እንጎቻ በሙሉ ለእሱ ሰጠችው። ወንድሜ ዛሬም በርበሬ በሚቆላበት ቤት አይቀመጥም።

«ያልተቀጣ ልጅ ቢቆጡት ያለቅሳል» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ድሮውን መቀጣት የለመደ ልጅ በትንሽ ቁጣ አይበረግግም ማለት ነው። እኔ የተቀጣሁ ልጅ ነኝ፤ ቢቆጡኝም አላለቅስም። ይህ መልካም ነው ብዬ ግን ለልጆቼ አልመኝላቸውም። ይህንኑ ለእመቤቲቱ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እኛም ቤት ነበረ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔም መትቻለሁ። በኋላ ግን ሲገባኝ፣ ቦታውን ያወቀ ልጅ ዱላ አያስፈልገውም፤ ቦታ ያልሰጠሁት ልጅ ነው የሚያስቸግረኝ።» ከዚህ በላይ አላብራሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ነገር ግን በማስታጠቢያው ጊዜ ያደረጉትን አስታወስኩ። ልጄን ከወሬው መሐል አላስወጧትም፤ ሥራ ሰጥተው ነበር ያስገቧት።

ይህን ስል አሠራሩ ሁሉ ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ከበር ጀርባ የሚቀመጥ ሰው መኖሩ ራሱ ያስባል፤ ማን ነበር ዕድሜውን ሙሉ እዚያ የተቀመጠው? በአያቴ መንደርም መደብ ላይ ሳይወጡ ያረጁ ሰዎች ነበሩ፤ እሷ ራሷ ሴት በመሆኗ አንዷ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ በድሬዳዋ ቤታችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበር ማንም እንዳይቀመጥባት የከለከለችው፣ አሁን እንደሚመስለኝ፣ በደጋ ያላገኘችውን መደብ በቆላ ስለሠራች ነው።

ልጅን በጅብ ማስፈራራትም የዚያ ዘመን መሣሪያ ነበር። «አያ ጅቦ ይምጣልህ» ሲባል ስንት ልጅ አፉን ዘግቷል! ይህ ማስፈራሪያ በሐረር ግን አይሠራም። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ ከፈላና በር ውጭ ወደሚደረገው የጅብ ማብላት ትርዒት ሄድን፤ ቤቱ የሚያደርሰንን ባጃጅና የሚመራንን ወጣት ያዘጋጀልን ሲሆን ሁለቱም በሰዓታቸው ተገኝተዋል። ጅቦቹ በስማቸው እየተጠሩ መጥተው በእንጨት ጫፍ ላይ ያለውን ሥጋ ይበላሉ። ልጄ ወደ ፊት ሂድ ሲባል እጄን ይዞ አልለቅም አለ፤ እኅቱ ግን ሄዳ እንጨቱን በአፏ ያዘች። ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ ድፍረቱ መጣለትና «ቢተወኝ እኮ በእጄ ነበር የማበላው» እያለ ይፎክር ጀመር። ቤት ደርሶም ለእመቤቲቱ ይህንኑ ደገመላቸው። እርሳቸው ምንጣፉን እያነጠፉ ሳይዞሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ከመጣን ወዲህ ልጄ አንድን ተረት ሳይተረጎምለት ሲረዳ ያየሁት ያኔ ነው። ጆሮው ቀላ፤ ከዚያም ሳቀ። አያቴ ብታየው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ትል ነበር፤ እመቤቲቱ ግን ትራሱን አስተካክለው «ተኛ አሁን፣ አንተ ደፋር» አሉት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ቁርሱ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ስንጠብቅ ልጄ ከሁሉ ቀድሞ ገባና በትንሹ መደብ ጫፍ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ስልኩ ከኪሱ አልወጣም፤ ምናልባት ባትሪው አልቆበት ይሆናል፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁትም። እመቤቲቱ የሆጃውን ጀበና ይዘው ሲገቡ አዩት። ከላይ፣ በትልቁ መደብ ላይ ወዳለው ቦታ እያመለከቱ «ና ውጣ፤ ዛሬ አንተ ትቀዳለህ» አሉት። ወጥቶ ቀዳ። የመጀመሪያውን ስኒ ለእርሳቸው ሰጣቸው፤ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ አንሶላው በየቀኑ ይቀየራል። መጸዳጃው ግቢውን ተሻግሮ ስለሆነ ሌሊት ልጅ ይዞ መውጣት ያስቸግራል፤ ከሌሎች እንግዶች ጋር የጋራ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሐረር የውኃ ችግር ያለባት ከተማ ስለሆነች ሻወር ያለ መስሎት የሚመጣ ሰው በባልዲና በጣሳ ለመታጠብ ይዘጋጅ፤ ውኃው ግን ሲጠየቅ ሙቅ ሆኖ ይመጣል። ዋጋው ድሬዳዋ ውስጥ አንድ መካከለኛ ሆቴል ከሚያስከፍለው ብዙም አይለይም፤ ቁርስ በውስጡ ነው፤ እራት ግን ከቀትር በፊት ካልተነገረ አይሠራም። ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለና መደገፊያ የሌለው ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ወይም ሕፃን የያዘ ሰው የታችኛውን ክፍል አስቀድሞ ይጠይቅ። የልጅ ልጅየው ጽሑፎቹን ሊጨምር እንዳሰበ ነግሮኛል፤ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ያለውን ግን ቢያንስ ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዛውረው ለምኜዋለሁ።